የእናቴን ምጣድ ለሠራልን ልጅ

ሰላም ጎረቤቶች። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ያላችሁ በተለይ አንብቡልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያጸዳና የሚጠግን ጎበዝ ልጅ አግኝቻለሁ። ሳላመሰግነው ባልፍ ይቆጨኛል።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። ዛሬም ለሁለት ምግብ ቤትና ለሰፈር ደንበኞቿ ታስረክባለች። እኛ ቤት ምጣዱ ቆመ ማለት ቤቱ ቆመ ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ጀመረው። መሃሉ ያራል፣ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ሽቦው ነው ብለው ቀየሩት፣ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ድርግም አለ። ይዘን ስንመለስ እንደማያውቁን ሆኑ። ሁለተኛው ደግሞ አስር ቀን ሙሉ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ እያለ አመላልሶኝ መጨረሻ ላይ ሸክላውን ሰንጥቆ ሰጠኝ። "እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው" አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። ባጃጅ ውስጥ አቅፌ የወሰድኩት እኔ ነኝ! ያን ቀን ቤት እስክደርስ አለቀስኩ።

እማዬ እስከዚያ በክረምቱ እርጥብ እንጨት ስትጋግር ዓይኗ ቀልቶ ከረመ። ሲብስባት ሊጧን ተሸክማ ጎረቤት ትሄዳለች። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እሷ "በሰው ምጣድ እጄ አይፈታልኝም" ትላለች። 3 ቀን የቦካ ሊጥ ደግሞ ጠብቁኝ ቢሉት አይጠብቅም። ሆምጥጦ የደፋነው አለ። ጤፍ በዚህ ዋጋ ሊጥ መድፋት ምን እንደሚመስል የደፋ ያውቀዋል።

ስለ ልጁ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው፣ አንዲት እናት ናቸው የነገሩኝ። ስደውልለት "ተሸክመሽ አትንከራተቺ፣ እኔ እመጣለሁ" አለኝ። ባለው ሰዓት መጣ። አዲስ ሸክላም ይዞ።

ምጣዱን ገልብጦ ፈታው። በቡሩሽ ሲጠርገው ከሆዱ የወጣውን የተቃጠለ ሊጥና አመድ ብታዩ! ሰፌድ ሙሉ ነው። ለካ ለዓመታት ከላይ ከላይ ብቻ ነበር የምንወለውለው። ከዚያ በኋላ ምኑን ከምኑ እንዳገናኘ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝ ግን አንድ ነገር አለ። ሥራውን አቁሞ እማዬን "እማማ፣ ሲጋግሩ ኮረንቲ ነዝሮዎት ያውቃል?" አላት።

"ባዶ እግሬን ስሆን ቆንጠጥ ያደርገኛል ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አለችው።

እኔ ልጇ ይህን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አብሬያት እየኖርኩ! ልጁ ፒንሳውን አስቀመጠና ሶኬቱን ፈታ። የመሬት መስመር የሚባለው፣ ያመለጠ ኮረንቲ ሰው ላይ እንዳይሄድ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ጭራሽ የለውም። ሶኬቱም በውስጥ በኩል ቀልጧል። "ይሄ ሳይስተካከል ምጣዱን ሠርቼ ብሄድ እማማን ገደልኳቸው ማለት ነው" አለኝ። ለዚህ አልጠራነውም፣ ስለዚህም አልተነጋገርንም፣ በዚያ ዝናብ ወጥቶ በራሱ ገንዘብ ሽቦና ሶኬት ገዝቶ መጣና እስኪመሽ ሲሠራ ቆየ። ያን ጊዜ እማዬን አየኋት፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች።

ሲጨርስም አልሄደም። እማዬ አዲሱን ሸክላ በጎመን ዘር እያሸች እስክታሟሸው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የመጀመሪያዋ ተጣበቀች፣ ሁለተኛዋም አላማረችም። ሦስተኛዋን አክንባሎውን ስታነሳ ዓይኗ እስከ ጠርዙ ድረስ ግጥም ብሎ ወጥቷል። እማዬ እልል አለች! ልጁ ሂሳብ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከወሰዱብን ያነሰ ነው። የሽቦውንና የሶኬቱን ብሰጠው "እሱን እማማ ይመርቁኛል" ብሎ እምቢ አለ።

የነገረንን ልንገራችሁ። በየሁለት ሦስት ወሩ ምጣዱ ከተነቀለና በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ገልብጣችሁ በደረቅ ቡሩሽ ጥረጉት። ውሃ እንዳታስነኩት። ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ከፍሪጅም ከምንም ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትሰኩት። ሶኬቱን ስትነኩት ከጋለ ወይም ከጠቆረ ቶሎ አሳዩት። ቆንጠጥ ካደረጋችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ እባካችሁ እንደ እማዬ አትልመዱት። እናቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት ሳልጠይቀው ስለሆነ ነው። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እሰጣለሁ። ምጣዳችሁ እስኪበላሽ አትጠብቁ፣ ለማጽዳት ብቻም ይመጣል። ስትደውሉለት የቱሉ ዲምቱዋ እማማ ናቸው የላኩን በሉት። ደስ ይለዋል።