ለልጅ ልብ የትኛው ቱቦ? ሰው ሠራሹ ወይስ የተለገሰው

ደሴ ላይ ሲያለቅስ ከንፈሩና ጥፍሩ የሚጠቁርበት ልጅ ያላት እናት፣ «ቫልቭ ያለው ቱቦ ይገባለታል» ስትባል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው፤ እውነቷን ነው። ቱቦው ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ደም ያሳልፋል፤ ቫልቩ ደግሞ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያግዳል።

ከሟች የተለገሰው ለስፌት ይለሰልሳል፤ ቫልቩም የተፈጥሮ ነው። ግን ለጋሽ ይፈልጋል፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ በተለይ ለሕፃን የሚሆነው መጠን እንደልብ አይገኝም። ውሎ አድሮም ካልሲየም ያጠነክረዋል።

ፒቲኤፍኢ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራው ሰው ሠራሹ ለጋሽ አይጠብቅም። ቀዶ ሐኪሙ የቫልቩን ስስ ክዳኖች ራሱ ቆርጦ በልጁ ልክ ሊሰፋቸው ይችላል። ለእኛ አገር እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ሁለቱም ከልጁ ጋር አያድጉም፤ ሲጠብቡት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ለክትትል መመላለሱን ከወዲሁ አስቡበት። ጥርሱንም ጠብቁለት፤ ከድድ የሚነሣ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ቱቦው ላይ ሊሰፍር ይችላል።