«ይለምዱታል ጋሼ» ተብሎ የተሸጠልኝ የሲፓፕ ማስክ

ሐኪም ሲፓፕ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው በማስክ በኩል አየር የሚገፋ ማሽን) ያዘዘላችሁ፣ ወይም ለአባታችሁና ለእናታችሁ ብላችሁ ቴሌግራም ላይ ዋጋ እያጠያየቃችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ። ከኪሴ የወጣው ገንዘብ ያናድደኛል። ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሦስት ወር ሙሉ አፍንጫዬ ላይ ቁስል ይዤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልለመድኩትም» እያልኩ መኖሬ ነው።

ማንኮራፋቴ ለቤተሰቡ መቀለጃ ሆኖ ዓመታት አልፏል። አንድ ሌሊት ግን ባለቤቴ ትንፋሼ ጸጥ ሲል፣ ቆይቶ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው ተፈራግጬ ስነሳ እየቆጠረች አደረች። ሲነጋ «ዛሬ ሥራ የለም» ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የእንቅልፍ ምርመራ ተደረገልኝና ስተኛ የጉሮሮዬ ጡንቻ እየላላ የአየር መንገዱን እንደሚዘጋው ተነገረኝ። ሕክምናው ሌሊቱን ሙሉ አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያቆይ ማሽን ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን የሠራው ነው፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የዚያን ጊዜ በሽተኞች ማስኩ ፊታቸው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፍላቸው ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሐኪሙ ግፊቱን 11 ብሎ ጻፈልኝ (የሚለካው በሴንቲሜትር ውሃ ነው)። እነዚህ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ድረስ ስለሚሠሩ የእኔ መሀል ላይ ነው። ማሽኑን ያገኘሁት ከውጭ የመጣ ስላሽ (ያገለገለ) ሲሆን፣ የሸጠልኝ ልጅ ትሑት፣ አፉ ማር የሆነ ነው። «ጋሼ፣ ሙሉ ፓኬጅ አድርጌ ልስጥዎት» አለኝ። ማስኩ 11,000 ብር፣ «ዘመናዊ ማጽጃ» ያላት ሳጥን 16,000 ብር። የማሽኑን ዋጋ አልናገርም፤ ባለቤቴም እስከ ዛሬ በትክክል አታውቀውም።

መጠኔን አልለካኝም። ማስክ በሦስት በአራት መጠን እንደሚሠራም አልነገረኝም። ከመደርደሪያ አንስቶ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» አለ። ባርኔጣ እንኳን ለሁሉም አይሆንም!

የመጀመሪያው ሳምንት አየሩ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ እየሾለከ ወደ ዓይኔ ይነፍስ ነበር። ደወልኩለት። «ማሰሪያውን ጠበቅ ያድርጉት» አለኝ። ጠበቅ አደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት የአፍንጫዬ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ ውሃ መቋጠር ጀመረ። ጉንጬ ላይ ደግሞ የማስኩን ጠርዝ ተከትሎ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣ። ቢሮ ስገባ አንዱ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ውስጥ ሰላም ነው?» አለኝ። እንደገና ደወልኩ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው፤ ይለምዱታል ጋሼ።»

አሁን የገባኝን ያኔ ባውቀው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እመልስለት ነበር። ማስኩ ፊት ላይ የሚገጥመው በማሰሪያው ጉልበት አይደለም። የሲሊኮኑ ጠርዝ ስስ ሆኖ የተሠራው ማሽኑ ሲነፋው እንደ ትራስ አበጥ ብሎ ቆዳው ላይ ቀስ ብሎ እንዲያርፍ ነው። ማሰሪያውን ስታጠብቁት ያ ትራስ ይጨፈለቅና ጠንካራው ፕላስቲክ አጥንት ላይ ይቀመጣል። የአፍንጫ አጥንት ላይ ደግሞ ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ያ ቦታ ሰባት ስምንት ሰዓት ሲጫን ደም በደንብ አይደርሰውም፤ አልጋ ላይ የሚቆይ በሽተኛ ጀርባው እንደሚቆስለው ማለት ነው። መጠኑ ልክ ካልሆነ ያፈስሳል፣ ሲያፈስስ ታጠብቃላችሁ፣ ስታጠብቁ ያቆስላል፣ ቁስሉን ለመሸሽ ትንሽ ፈቀቅ ስታደርጉት እንደገና ያፈስሳል።

እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ቫዝሊን ጨመርኩበት። በእኛ ቤት ቫዝሊን የማያድነው ነገር የለም። (አማቴማ ቅቤ ይሻላል ብለው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸውና አልሰማኋቸውም።) ቅባት ግን ማስኩን ያንሸራትተዋል፣ ሲሊኮኑንም ቶሎ ያበላሸዋል። ፊት ላይ የሚያድረው የራሳችን ወዝ እንኳን ሳይታጠብ ከቀረ ጠርዙን ያለሰልሰውና ቅርጹን ያስለቅቀዋል።

አሁን ወደ ሳጥኗ ልምጣ፤ ትልቁ ንዴቴ እሷ ላይ ነው። ማስኩንና ቱቦውን ውስጧ አስገብቶ ቁልፍ መጫን ነው፣ «ውሃ የለም፣ ሳሙና የለም፣ ጀርም ይጨርሳል» ተብሎ። ሥራዋን ስትጨርስ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ ሲሞቅ የሚወጣው ዓይነት ሽታ ትሰጣለች። ያ ሽታ ኦዞን ነው። እኔ የንጽሕና ሽታ መስሎኝ ነበር። ማታ ማስኩን ሳጠልቅ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ የተላጠው ቆዳዬ ደግሞ ይለበልበኛል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ባወጣው ማሳሰቢያ በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ሲፓፕ እናጸዳለን የሚሉ መሣሪያዎች አንዳቸውም በዚያ አገር ለዚህ ሥራ በሕጋዊ መንገድ ለገበያ እንዳልቀረቡ ተናግሮ ነበር። ራስ ምታት፣ የአፍንጫ መቆጣት፣ የመተንፈስ ችግር፣ የአስም መነሳት ሪፖርት እንደደረሰውም ጽፏል። 16,000 ብር የከፈልኩበትን ሥራ የአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና ሽታው የማይበረታ ሳሙና በሁለት ደቂቃ ይሠሩታል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቨርጂኒያ ያለች፣ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ የሆነች የእህቴ ልጅ ናት። እስከዚያ ድረስ ለምን አልጠየቅኳትም? ለማንኮራፋት ብሎ ልጅ ማስቸገር ያሳፍራላ!

የነገርኳት በአንድ ምክንያት ነው። ቁስሉ ሲብስ ማስኩን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ሄጄ ተቆጣሁ። እሱም ሳይከራከር ማስኩን ተቀበለኝና 3,000 ብር አስጨምሮ ሌላ ሰጠኝ። «ይሄ የሆስፒታል ነው ጋሼ፣ ሌላው ሰው አያገኘውም።» እውነትም ለስላሳ ነበር። ባለቤቴ መብራት ሲጠፋ በዳበሳ እንድለየው ብላ በላይኛው ማሰሪያ ላይ ቀይ ክር ሰፋችልኝ። ያን ቀን ማታ በቪዲዮ ስንነጋገር ለጉራ አጥልቄ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። ፊቷ ተቀያየረ።

«ጋሼ፣ አውልቀው። አሁኑኑ።»

«ምነው?»

«ቱቦው የሚገባበት ቦታ ቀለሙ ምንድነው?»

ሰማያዊ ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉት ዓይነት መታጠፊያ አለው፣ እሱ ሰማያዊ ነው።

«የትንፋሽ መውጫው ቀዳዳ የታለ? አቅርበህ አሳየኝ።»

ፈለግኩ፤ የለም። የቤት ማስክ ላይ ወንፊት የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ ወይ መታጠፊያው ላይ ወይ ፊት ለፊቱ። እኔ የመጀመሪያው ማስክ ላይ ሳያቸው አየር የሚያባክኑ መስለውኝ ነበር። የምናስወጣው የተቃጠለ አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ትንፋሽ መውጫው በሌላ ቱቦ ወይም በመሣሪያው በኩል ስለሆነ ቀዳዳ የሌለው ማስክ ይጠቀማሉ፤ ከቤቱ እንዲለይም መታጠፊያውን በተለምዶ ሰማያዊ ያደርጉታል። ያንን ከቤት ሲፓፕ ጋር አገናኝቶ መተኛት የራስን ትንፋሽ መልሶ እየሳቡ ማደር ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከመጮህ ይልቅ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህቺን ያዙልኝ። ማስኩን አጥልቃችሁ ማሽኑን ስታበሩት ከቀዳዳዎቹ አየር ሲወጣ እጃችሁ ላይ ሊሰማችሁ ይገባል። ሽው የሚለው ድምፅ ጉድለት አይደለም፤ በፕላስተር እንዳትደፍኑት። አፍና አፍንጫን በአንድነት የሚሸፍነውን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የውጭ አየር የሚያስገባ ትንሽ ክዳን እንዳለው ተመልከቱ። በእኛ ሰፈር የመብራት ነገር ይታወቃል።

በማግስቱ ሁለቱንም ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያው የምናውቀው ወረቀት፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝ? የለኝም፤ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቅናሽ አለ» ሲባል ደስ ብሎኝ የተስማማሁት እኔ ነኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። የእኔ 15 ቀን «ይለምዱታል» እየተባልኩ አልፏል። የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ቅሬታ ይዞ ለመሄድም ግን ማን እንደሸጠላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። የቴሌግራም ስም ደግሞ በአንድ ሌሊት ይቀየራል። ብዙ ተጨቃጭቀን ለሰማያዊው ማስክ 5,000 ብር መለሰልኝና ማስኩን ተቀበለኝ። ሳጥኗ እኔው ጋ ቀረች፤ አሁን ባለቤቴ ክርና መርፌ ታስቀምጥባታለች።

ቁስሉ እንዴት ዳነ ላላችሁኝ፣ መጀመሪያ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ማሽኑን በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ፣ የተከፈተው ቁስል እስኪደርቅ ግን አጥንቱን የማይነካ ማስክ እንድጠቀም መከረኝ። አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚያርፉ ሁለት ትናንሽ ትራሶች ያሉት ዓይነት አለ፤ የእህቴ ልጅ በሰው ላከችልኝ። ከዚያ የአምራቹን የመጠን መለኪያ ወረቀት አሳትመን ባለቤቴ አፍንጫዬን ለካችው። እኔ «ትልቅ» ተሽጦልኝ የነበርኩ ሰው «መካከለኛ» ሆኜ ተገኘሁ። አሁን ሁለቱን ዓይነት እያፈራረቅኩ ስለምጠቀም አንድ ቦታ ብቻ አይጫነኝም። ማሰሪያውን የማስተካክለው ተኝቼ፣ ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ልክ ያደረጋችሁት ጋደም ስትሉ ልክ አይሆንም፣ ፊት ቅርጹን ይቀይራል። በማሰሪያውና በጉንጬ መሀል አንድ ጣት መግባት አለባት። ማታ ፊቴን ታጥቤ አደርቃለሁ፣ ቅባት የምቀባው ጠዋት ካወለቅኩ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከአሮጌ የጥጥ ቲሸርት የማስኩን ጠርዝ ተከትላ ቀዳ የሰፋችው ስስ ጨርቅም አለኝ፤ ላቡን ይመጥልኛል፣ ሽፍታውም በዚያ ጠፋ። ማስኩን በየጠዋቱ በሳሙና አጥቤ፣ በደንብ አለቅልቄ ጥላ ላይ አሰጣዋለሁ። በረኪና እና አልኮል አላስነካውም። ጢም ያላችሁ ግን አፍና አፍንጫን የሚሸፍነውን ማስክ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት፤ ያፈስሳል።

ስላሽ ማሽን ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመተንፈሻ ማሽኖቹን እንዲመለሱለት ጥሪ አድርጓል፤ ውስጣቸው ድምፅ ለመቀነስ የገባው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊገባ ስለሚችል። የመጀመሪያው ትውልድ ድሪምስቴሽን የሚባለው ከእነሱ አንዱ ነው። ኦዞን ስፖንጁን የባሰ እንደሚያበላሸውም ኩባንያው ራሱ አስጠንቅቋል፤ ከሳጥኗ ጋር አብረው ሲሸጡላችሁ አስቡት። የእኔ ማሽን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ዕድል ነው እንጂ እኔ አጣርቼ አይደለም። ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን ፎቶ አስልካችሁ፣ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲያጣራላችሁ ሳታደርጉ አትክፈሉ። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው፣ ወይም አጠገቡ የሚተኛው ሰው እንደዚያ ከሆነ፣ ማሰሪያው በማግኔት የሚቆለፍ ማስክ እንዳይገዛ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ የሆነበት ምክንያት አለ። ባለፈው ሳምንት ያው ልጅ በሌላ ስም አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል። «የሆስፒታል ማስክ፣ አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ አንድ ብቻ የቀረ» ይላል። ፎቶውን አጎላሁት፤ መታጠፊያው ሰማያዊ ነው፣ በላይኛው ማሰሪያ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ቀይ ክር አለ።