የእማዬን በርበሬ ላሳመሩልን ልጆች

ምስጋናው ሁለት ወር ዘግይቷል። አዲሱ ማሸጊያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሳላየው መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

እማዬ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ መሸጥ ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ደንበኛዋ ሁሉ በሰው በሰው የመጣ ነው። ሱፐርማርኬት እናስገባ ስንል ግን ሎጎና ማሸጊያ አስፈለገን። መጀመሪያ ያሠራነው ሰው ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ በቴሌግራም አንድ ምስል ላከልንና አለቀ። ታፔላ ላይ ሲያሳድጉት ደበዘዘ፤ ዋናውን ፋይል ስጠን ብንል ስልክ ማንሳት ተወ።

በዚህ መሃል ነው አንድ ዘመዳችን አራት ኪሎ ያሉትን ልጆች የጠቆመን። ሦስት ናቸው። ሁለቱ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንዷ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርታ የወጣች። የራሳቸውን የብራንዲንግ ቤት፣ ማለትም ለምርት ስም፣ ሎጎና ማሸጊያ የሚያዘጋጅ ቤት፣ ከፍተው ነው የሚሠሩት። ከየትኛውም ማተሚያ ቤት ኮሚሽን አይበሉም። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አሥር ሺህ ማሸጊያ በአንዴ ላሳትም ስነሳ «ቆይ፣ በትንሹ አሳትመሽ ገበያውን እዪው» ብለው ሲያስቆሙኝ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አልሳሉም። ቤት መጥተው ዛላው ሲቀነጠስ እያዩ ቡና ጠጡ። «እትዬ፣ ደንበኛ ሲመለስ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅዎት?» አሏት እማዬን። «ኮረሪማው የሚሸተውን ስጪኝ ነው የሚሉኝ» አለች። ያ ኮረሪማ ዛሬ ማሸጊያው ላይ አለ።

እኔ «ምርጥ በርበሬ» የሚል ስም ይዤ ነበር የሄድኩት። ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ቃል ማንም ሊጠቀምበት ስለሚችል እንደ ንግድ ምልክት ማስመዝገቡ እንደሚያስቸግር ነገሩኝና የአያቴን ስም መረጥን። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደን ተመሳሳይ እንዳለ ሳናጣራ አንድ መስመር አልሳሉም። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል፤ ይህንንም ከእነሱ ነው የሰማሁት።

ከሁሉም ልቤን የነካው የፊደሉ ነገር ነው። በኮምፒውተር ፊደል የተጻፈው «በርበሬ» ትንሿ ማሸጊያ ላይ ሲታተም የ«ሬ» ቀለበት ቀለም ሞልቶት ጥቁር ነጥብ ይሆን ነበር። እኔ በሕይወቴ አስተውዬው አላውቅም። ልጁ ቀለበቱን ሰፋ አድርጎ በእጁ ሳለው፤ ከዚያ ሌሎቹን ፊደላት ሁሉ ከእሱ ጋር እንዲሄዱ እንደገና ሠራቸው። አሁን እማዬ ያለ መነጽር ታነበዋለች።

ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረው ቀይ ቡናማው ወረቀት ላይ ሲታተም ጠይሞ ወጣ። ማተሚያ ቤት አብረውኝ መጥተው ከሥሩ ነጭ ቀለም እንዲገባ አስደረጉ፣ ሳምፕሉ እስኪስተካከልም ከማሽኑ አጠገብ አልተነሱም።

ርካሽ አይደሉም፣ እቅጩን ልንገራችሁ። ወር ይፈጃል ያሉትም ወደ ሁለት ወር ሄዷል። ግን ክፍያውን በሦስት ዙር ነው የተቀበሉን፣ ሲጨርሱም ዋናውን ፋይል ሁሉ በፍላሽ አስረከቡን።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል፣ ስልካቸውን እልካለሁ። ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። እማዬ የበዓል በርበሬያችሁን ለይታ አስቀምጣለች፤ መጥታችሁ ውሰዱ።