የሳቢያን–ቀፊራ አውቶቡስ በበጋ እና በክረምት

ድሬዳዋ ውስጥ መጋላ ልብስ እሰፋለሁ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው። የጨርቅ ጥቅል ይዞ ለሚመላለስ ሰው የባጃጅ ኮንትራት የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ከሳቢያን ተነስቶ በከዚራ አድርጎ ቀፊራ የሚያደርሰን አውቶቡስ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በበጋ አገልግሎቱን አመሰግናለሁ። ጠዋት ሰዓቱን ያከብራል። ረዳቱ ጥቅሌን ተቀብሎ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያስቀምጥልኛል፣ መልስም አያስቀርም። መስኮቶቹ በሙሉ ይከፈታሉ፤ ድሬ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከምሳ በኋላ ግን ከተማው በሙቀቱ ሲያርፍ አውቶቡሱም አብሮ ይጠፋል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም መኪናም ያቋርጠዋል፣ የእኛም አውቶቡስ በዝቅተኛው መሻገሪያ ነው የሚያልፈው። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደንገጎና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ እየለበለበ ጎርፉ ከተፍ ይላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ድሬ ውስጥ ያንን ሌሊት የረሳ ሰው የለም።

ለዚህ ነው ለሾፌሩ ትልቅ ክብር ያለኝ። ባለፈው ክረምት መሻገሪያው ላይ ቀጭን ውሃ መውረድ ሲጀምር አንድ ወጣት ከኋላ "አቦ፣ ጎማ እንኳ አያረጥብም፣ እለፈው!" አለው። ሾፌሩ መልስ አልሰጠም። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ብዙም ሳይቆይ ድፍርሱ ውሃ ግንድና ጀሪካን እያንከባለለ መጣ። በዚህ በኩል ሾፌሩ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

የሚያሳዝነኝ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። መሻገሪያው በደለልና በድንጋይ ስለሚሞላ፣ ግሬደር እስኪጠርገው ድረስ አውቶቡሱ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሮ ወደ ድልድዩ ይወጣል። የዚያ ሰፈር ነዋሪዎች መንገዱን ድንጋይ ደርድረው ዘጉት። ተሳፋሪው "መንገድ የመንግሥት ነው!" እያለ ሲጮህባቸው አልወደድኩም። ወርጄ አየሁት። ኮብልስቶኑን ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ነው ያስነጠፉት። አውቶቡሱ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ኮብሉ ሰምጧል። የቱቦው ክዳን ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቱቦውም በአፈር ተደፍኗል። አንዲት እናት ቤቷ አስገብታ ውሃው የደረሰበትን መስመር ግድግዳው ላይ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከአልጋው እግር ግማሽ ድረስ ነው። ሾፌሩን "ልጄ፣ አንተን ጠልተን አይደለም፣ መኪናህ ከብዶን ነው" አለችው። እሱም "እማ፣ እኔም የታዘዝኩትን ነው የምነዳው" አላት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክረምት በየዓመቱ እንደሚመጣ እየታወቀ እነዚህን ሰዎች ቀድሞ ያማከራቸው የለም።

መፍትሔውን ያመጡት የሰፈሩ የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ ይቁም፣ ሰው ድልድዩን በእግሩ ይሻገር፣ ማዶ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቀው አሉ። ተሞከረ፣ ሠራም፤ ድንጋዩም ተነሳ። አሁን የቀረው የአገልግሎቱ ድርሻ ነው። ማዶ ስንሳፈር እንደገና ክፈሉ እንባላለን፤ ይሄ ልክ አይደለም፣ ጉዞው አንድ ነው። መጠበቂያውም ጥላ የለውም። አዛውንቶችና ልጅ ያዘሉ እናቶች በዚያ ፀሐይ ግንብ ተደግፈው ሲቆሙ ማየት ያማል። አንድ ሸራና አንድ አግዳሚ ወንበር ብዙ ወጪ አይደለም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዚህ መስመር የምትሄዱ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በደንገጎ በኩል ተራራው ከጠቆረ ከዚራ ላይ ረዳቱን "ማዶ መኪና አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካለ ቀጥሉ። ከሌለ እዚያው ወርዳችሁ ከሌሎች ጋር ባጃጅ ተጋሩ። ጥቅል ያላችሁ ደግሞ ላስቲክ ይዛችሁ ውጡ፤ ድልድዩ ላይ ዝናብ ከያዛችሁ መጠለያ የለም።