የፕሮስቴት ባዮፕሲ በፊንጢጣ በኩል ወይስ በቆዳ በኩል? የጎንዮሽ ጉዳቱና ማገገሙ ሲነጻጸር

«ከፕሮስቴትዎ ናሙና መውሰድ አለብን» የሚል ቃል ከሐኪም የሰማ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደ ውጤቱ ይሮጣል። ካንሰር ይሆን? ማንም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ከውጤቱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ብዙ ወንዶች ሳይጠይቁት ቀጠሮ ይዘው ይወጣሉ። መርፌው የሚገባው በየት በኩል ነው?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በፊንጢጣ በኩል ነው። የጣት ያህል ውፍረት ያለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ፊንጢጣ ውስጥ ይገባል። መርፌውም በዚያው በኩል ሄዶ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳና ፕሮስቴቱ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው በቆዳ በኩል ነው። እዚህ መርፌው የሚገባው በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ ነው። አልትራሳውንዱ ግን አሁንም ፊንጢጣ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ «እሱ ይቀርልኛል» ብለው የቆዳውን ከመረጡ አይቀርልዎትም። ኪንታሮት የሚያሠቃየው ሰውም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

በሁለቱም ብዙውን ጊዜ ወደ 12 የሚጠጉ ቀጫጭን ናሙናዎች ይወሰዳሉ። ኤምአርአይ ላይ የታየ አጠራጣሪ ቦታ ካለ ከእሱ ተጨማሪ ይወሰዳል።

ወደ ምርጫው ከመግባትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁ። ኤምአርአይ ተነስተዋል? በ2017 ውጤቱ የወጣውና ፕሮሚስ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ ነበር። ኤምአርአይ ቢቀድም ኖሮ ከአራቱ አንዱ ያህል ባዮፕሲ ሳያስፈልጋቸው ይቀር እንደነበር አሳይቷል። የጎንዮሽ ጉዳት ጨርሶ የማያመጣው ባዮፕሲ ያልተደረገው ነው። ሁሉም ቦታ ኤምአርአይ አይገኝም። ከተገኘ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ።

ትልቁ ልዩነት ኢንፌክሽኑ ላይ ነው

ሁለቱን መንገዶች በእውነት የሚለያያቸው ይህ ነው። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ሞልቷል። መርፌው የአንጀቱን ግድግዳ በበሳ ቁጥር ከዚያ ባክቴሪያ ይዞ ወደ ፕሮስቴትና ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል። በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ ባዮፕሲ ያለ አንቲባዮቲክ የማይታሰበውም ለዚህ ነው። ለረጅም ዓመታት በብዙ ቦታ ሲሰጥ የኖረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። አሁን ግን ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ይህን መድኃኒት እየተላመደው መጥቷል። ሰውየው መድኃኒቱን በሰዓቱ ወስዶም ሊታመም ይችላል።

በቆዳ በኩል ሲሆን መርፌው አንጀትን አይነካም። ቆዳው ይጸዳል፣ በዚያ በኩል ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አንድ ዶዝ አንቲባዮቲክ ብቻ ይሰጣሉ፤ ጭራሽ የማይሰጡም አሉ።

ቁጥሩን እንይ። ትራንስሌት የተባለው ጥናት በዩናይትድ ኪንግደም 1126 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን መንገዶች አወዳድሯል። ውጤቱ የታተመው በ2025 ነው። በ35 ቀናት ውስጥ በኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል የተኙት በፊንጢጣ በኩል ከተደረገላቸው 100 ወንዶች 2 ያህሉ ናቸው። በቆዳ በኩል ከተደረገላቸው ደግሞ ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም። በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ጥናት በበኩሉ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ የባለሙያ ማኅበራቱም ምክር አንድ አይደለም። የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር የቆዳውን መንገድ ያስቀድማል። የአሜሪካው ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም ተቀባይነት ያላቸው አድርጎ አስቀምጧል።

ከ100 ሁለት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገባ ማለት ዋዛ አይደለም። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊገባ ይችላል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነና ሌላ ምክንያት ካልከለከለ የቆዳውን ብትመርጡ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ምክር ይበልጥ የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። በቅርብ ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ ስኳር ያለበት፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) የተደረገለት፣ የሽንት ኢንፌክሽን የሚመላለስበት፣ ወይም ከዚህ በፊት ባዮፕሲ ተደርጎለት ትኩሳት የያዘው ሰው በፊንጢጣ በኩል ከመስማማቱ በፊት ይህን ለሐኪሙ አንድ በአንድ ይንገር። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለውም እንዲሁ።

እርስዎ ባሉበት ቦታ የሚሠራው በፊንጢጣ በኩል ብቻ ከሆነስ? ተስፋ አያስቆርጥም። አብዛኛው ሰው ያለ ኢንፌክሽን ነው የሚያልፈው። አደጋውን የሚቀንሱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ከቀጠሮው በፊት ከፊንጢጣ በጥጥ ናሙና ተወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ መመርመር ነው። ሁለተኛው ልክ ከመርፌው በፊት ፊንጢጣን ጀርም በሚገድለው ፖቪዶን አዮዲን ማጽዳት ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ይደረግልኝ ብለው ይጠይቁ።

ደሙ

ደም ሲታይ ልብ ይደነግጣል። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ መንገዶች ብዙም አይለያዩም፤ ሁለቱም ያደማሉ። በ2012 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በፊንጢጣ በኩል የተመረመሩ 1147 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። በ35 ቀናት ውስጥ ከ100 ወንዶች 66ቱ ሽንታቸው ላይ፣ 37ቱ ሰገራቸው ላይ፣ 93ቱ ደግሞ የዘር ፈሳሻቸው ላይ ደም አይተዋል። ለአብዛኞቹ ከባድ ችግር አልነበረም።

የሰገራው ደም ነው ለፊንጢጣው መንገድ የተለየ። መርፌው አንጀቱን ስለበሳ ለጥቂት ቀናት ይታያል፣ ከዚያ ይቆማል። በቆዳ በኩል ሲሆን ይህ እምብዛም አያጋጥምም። በምትኩ የገባበት ቆዳ ይበልዛል። አንዳንዴ ጥቁር ሰማያዊ የሆነው ቀለም እስከ ዘር ፍሬ ከረጢቱ ይወርዳል። ያስፈራል እንጂ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

የሽንቱ ደም ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይመላለሳል። ቆመ ሲሉት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ውኃ በደንብ ሲጠጡ ቀለሙ ይሳሳል። የዘር ፈሳሹ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ይሆናል። አራት ወይም ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ወይም ሦስት ወር ይቆያል። ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ ድንገት ብታየው ትደነግጣለች። እሷን የሚጎዳ ነገር የለውም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። በገዛ ፈቃድዎ ማቆም ግን አይገባም። በተለይ የልብ ስቴንት (የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ ከባዮፕሲው ደም የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የትኛው እንደሚቆም፣ ለስንት ቀን እንደሚቆምና መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስን።

ሕመም፣ ሽንትና የወሲብ ነገር

በሕመም በኩል የፊንጢጣው መንገድ ይሻላል። በዚያው በትራንስሌት ጥናት በቆዳ በኩል ከተደረገላቸው 38 ከመቶው ሕመምና ሐፍረት እንደተሰማቸው ሲናገሩ፣ በፊንጢጣ በኩል ከተደረገላቸው 27 ከመቶው ናቸው። ሁለቱም የተደረጉት ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ከሁሉ የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ቆዳውን ሲወጋ ነው ይላሉ ብዙዎች። አንዳንድ ቦታ የቆዳው የሚሠራው በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ያን ጊዜ ምንም አይሰማዎትም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፣ የሚያደርስዎት ሰውም ያስፈልጋል፣ ለ24 ሰዓትም መኪና አይነዱም። የፊንጢጣው ባመዛኙ በ15 ደቂቃ ያልቃል።

አተኛኘቱም ይለያል። በፊንጢጣ በኩል ሲሆን በጎን ተኝተው ጉልበት ያጥፋሉ። በቆዳ በኩል ሲሆን በጀርባ ተኝተው እግርዎ ከፍ ብሎ ይደገፋል። ዳሌው ወይም ጉልበቱ እንደልብ የማይታጠፍለት ሰው ይህን አስቀድሞ ይናገር።

ሽንት ጭራሽ እምቢ ማለት በሁለቱም ሊያጋጥም ይችላል። ፕሮስቴታቸው በጣም ያበጠ፣ ከፊቱም ሽንት እየቸገራቸው የቆዩ ወንዶች ናቸው ይበልጥ የሚጋለጡት። ብዙ ናሙና ሲወሰድም ዕድሉ ይጨምራል። ከተከሰተ ለጥቂት ቀናት ካቴተር ይገባል። ደስ አይልም፣ ግን ያልፋል።

ወንዶች ለመጠየቅ የሚያፍሩት ሌላው ጉዳይ ብልት አልቆም ማለቱ ነው። ይህም በሁለቱም ያጋጥማል። ለአብዛኛው ሰው ጊዜያዊ ሲሆን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። ጭንቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። የካንሰር ውጤት እየጠበቀ ያለ ሰው ሐሳቡ ቢበታተን አይፈረድበትም።

የተሻለ የሚያገኘውስ የትኛው ነው?

የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ተይዞ መምረጥ ልክ አይሆንም፤ ምርመራው የሚደረገው ካንሰሩን ለማግኘት ነው። ትራንስሌት ላይ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል ካንሰር የተገኘው በቆዳ በኩል ከተደረገላቸው 60 ከመቶው ላይ፣ በፊንጢጣ በኩል ከተደረገላቸው 54 ከመቶው ላይ ነው። የፕሮስቴቱ የፊት ክፍል ከፊንጢጣ ስለሚርቅ በቆዳ በኩል መድረስ ይቀላል። ኤምአርአይዎ አጠራጣሪው ቦታ ፊት ለፊት ነው ካለ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። በሌላ ቀዶ ሕክምና ፊንጢጣቸው ለወጣላቸው ሰዎችም የቀረው የቆዳው መንገድ ነው።

የሐኪሙ እጅም መረሳት የለበትም። የቆዳውን አልፎ አልፎ ከሚሠራ ሐኪም ይልቅ የፊንጢጣውን ዘወትር የሚሠራና ኢንፌክሽን በመከላከል የሚጠነቀቅ ሐኪም ሊሻል ይችላል። «አዘውትረው የሚሠሩት የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መርፌ ከነካው ካንሰሩ ይሠራጫል የሚል ፍርሃትም ብዙ ሰው ጋር አለ። በፕሮስቴት ባዮፕሲ ይህ እጅግ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የታየው። በዚህ ፍርሃት ምርመራውን መተው ግን የሚድነውን ካንሰር ጊዜ መስጠት ነው።

ከምርመራው በኋላ

የመጀመሪያውን ቀን ይረፉ። ሲቀመጡ ሊያምዎት ይችላል፤ ለስላሳ ነገር ላይ ይቀመጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም ሊያበዙ ስለሚችሉ ሐኪም ካላዘዘ ይተዉ። በቆዳ በኩል ከሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እብጠቱን ያስታግሳል።

በማግሥቱ ብዙ ሰው የቢሮ ሥራውን ይጀምራል። በእግር መንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ለጥቂት ቀናት ይቅር። ብስክሌት ግን ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ኮርቻው የሚጫነው ልክ የታመመውን ቦታ ነው። ሰገራ እንዳይደርቅብዎት ውኃና አትክልት ያብዙ፣ ምክንያቱም ማማጥ ደሙን ይቀሰቅሳል። ግንኙነት ሰውነትዎ ሲፈቅድ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጀመር ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ላስምርበት። ደሙ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው ትኩሳቱ ነው። ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ መጋባት ከጀመሩ «ነገ ይሻለኛል» ብለው አይደሩ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ አስቀድመው ያዘጋጁ። እዚያ ሲደርሱ «የፕሮስቴት ባዮፕሲ ተደርጎልኛል» ይበሉ፣ በየት በኩል እንደተደረገና የትኛውን አንቲባዮቲክ እንደወሰዱም ይንገሯቸው። በቆዳ በኩል የተደረገለት ሰውም ትኩሳትን አይናቅ፤ አደጋው አነሰ እንጂ ዜሮ አልሆነም። ሽንት ከታገደ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ደሙ እየባሰ ከሄደም እንዲሁ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል።

ሌላው ከባዮፕሲ በኋላ የሚደረግ የፒኤስኤ ምርመራ ነው፤ ፒኤስኤ ከፕሮስቴት የሚመነጭና በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው። መርፌው ራሱ ፒኤስኤን ከፍ ያደርገዋል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ደም ሰጥተው ቁጥሩ ቢያሻቅብ በከንቱ ይጨነቃሉ። ኤምአርአይም ቢሆን ፕሮስቴቱ ውስጥ የቀረው ደም ምስሉን ስለሚያደበዝዘው ቀኑ ራቅ ብሎ እንዲያዝልዎት ይጠይቁ።