የልጅ የመጀመሪያ ዓሣ ማጥመድ፦ ከጣና ዳር ወይስ በታንኳ?

ወጪ
ከዳር፦ የቀርከሃ ዘንግ፣ የዘንጉን ያህል የሚረዝም ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቡሽና አንድ ጣሳ የምድር ትል ይበቃል።
በታንኳ፦ የቀዛፊው ዋጋና በልጁ ልክ የተሠራ መንሳፈፊያ ጃኬት ይጨመራል። የአዋቂ ጃኬት አይተካውም፤ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

ቅለት
ከዳር፦ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ስለሚውል ትሉን ከቡሹ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ነው። መንጠቆው ሣር እየያዘ ያስቸግራል፤ ልጅ ቶሎ የሚሰለቸውም በዚህ ነው።
በታንኳ፦ ሣሩ አያስቸግርም፤ ግን ልጁ ተቀምጦ መቆየት አለበት። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ፣ ውኃ ላይ ብዙ የሰነበተ ታንኳ ይከብዳል፤ ደርቆ ያደረውን ይምረጡ።

አደጋ
ከዳር፦ ዋናው ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ልጁ በባዶ እግሩ ውኃው ውስጥ አይቁም፤ ከደረቅ ድንጋይ ላይ ሆኖ መንጠቆውን ይጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ፣ ንጋትና ምሽት ላይ እዚያ ልጅ ይዞ መሄድ አይገባም።
በታንኳ፦ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሞገድ ያነሣል። ረፋዱ ሳያልፍ ይመለሱ።
አምባዛ ከተያዘ በሁለቱም ቦታ አዋቂ ያውጣው፤ የጎን ክንፉ እሾህ እጅ ይወጋል።

ለማን?
ዋና ለማያውቅ፣ ትዕግሥቱ ከአንድ ሰዓት ለማያልፍ ልጅ ዳሩ ይሻላል። ዋና ለሚችልና ትእዛዝ ለሚሰማ፣ ቀዛፊውም ታንኳ የለመደ ከሆነ፣ ፀጥ ባለ ጠዋት ታንኳው ብዙ ያስተምራል።