ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እርጥብ ኮርኒስ ላይ ቀለም ቀብቶ ከሚሄድ ሰው ተጠንቀቁ

«ኮርኒሱን በአንድ ቀን አዲስ አደርገዋለሁ» የሚላችሁን ሰው ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ጎበዝ የጂፕሰም ባለሙያ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፤ እነሱን አይመለከትም።

ሐምሌ ላይ እናቴ ቤት ጣሪያው አፍስሶ፣ የሳሎኑ ጂፕሰም ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል እድፍ ወጣ። የመጣው ሰው ቆርቆሮው ላይ እንኳ አልወጣም። እድፉን በስቱኮ ለቅልቆ፣ ፕላስቲክ ቀለም ቀብቶ፣ ሙሉ ሒሳቡን ተቀበለ። እማዬም ቡና አጠጥታ፣ መርቃ ሸኘችው። ነሐሴ ሳይጋመስ እድፉ ቀለሙን ሰርስሮ ወጣ፤ ቦርዱ አብጦ ወደ ታች ተንጠለጠለና አንድ ሌሊት ሶፋው ላይ ወደቀ። አላህ ጠብቆ ሰው አልነበረበትም። የሰውዬው ስልክ እስከ ዛሬ አይነሳም። በጣም ነው የተናደድኩት፤ የእናት ቤት ነው!

የወደቀውን ስገለብጠው ጀርባው በሙሉ ጥቁር ሻጋታ ነው። ቦርዱ መሃሉ ጂፕሰም፣ ሁለቱም ፊቱ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከራሰ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ጂፕሰሙም ላሽቆ ስክሩ መያዝ ያቅተዋል። በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ከሰረጎደ ይቀየራል እንጂ አይለቀለቅም።

ሠራተኛው መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ይውጣ። እኛ ቤት ጥፋቱ የቆርቆሮው ሚስማር ጎማ ተበልቶ ነበር፤ አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖም ውሃ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ የራሰው እስከ ደረቁ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፣ ውስጡ በደንብ ይደርቃል፣ አዲሱ ቦርድ ብረቱ ላይ በስክሩ ይታሰራል፣ መጋጠሚያው በቴፕና በስቱኮ ይያዛል። ጠንካራው ቦርድ ላይ የቀረ እድፍ ካለ መጀመሪያ ዘይት ቀለም ይቀባ፤ ፕላስቲክ ቀለም ብቻውን እድፉን አያቆመውም።

ውሉ ላይ «የጣሪያውን ማፍሰስ ጨምሮ» ተብሎ ይጻፍ። ቀሪውን ክፍያ አንድ ደህና ዝናብ ካለፈ በኋላ ስጡ። በዚህ የማይስማማ ሰው ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ኮርኒሳችሁ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ደግሞ ሠራተኛ እስኪመጣ አትጠብቁ። የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ፣ ልጆቹን አውጡ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጉና ወደ ጎን ቆማችሁ በካቻቢቴ ትንሽ ብሱት፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይውረድ።